የታወቀ ፋይል ሁሉ የታመነ አይደለም

አንድ ኮምፒውተር ለምርመራ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚያደክመው የፋይሉ ብዛት ነው። ዊንዶውስ ብቻውን በብዙ አስር ሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች አሉት፤ መርማሪው የሚፈልገው ግን ተጠቃሚው የፈጠራቸውንና ሰርጎ ገብ የተከላቸውን ነው። ለዚህ ሲባል ኒስት የተባለው የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የታወቁ ሶፍትዌሮችን ፋይሎች ሃሽ፣ ማለትም ከይዘታቸው በስሌት የሚወጣ መለያ፣ እየመዘገበ በነፃ ያወጣል። የዲስኩ ፋይሎች ከመዝገቡ ጋር ይነጻጸሩና የተመሳሰሉት ከእይታ ይወጣሉ። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሃሽ የሚመሰክረው ስለ ፋይሉ ይዘት ብቻ ነው። ኤስኤችኤ-256 በተባለው የስሌት ዘዴ ሲሰላ 64 ምልክቶች ይወጣሉ፤ ከይዘቱ አንዲት ቢት ብትቀየር ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ስሙ፣ ቀኑና የተቀመጠበት ቦታ ግን ከስሌቱ ውጪ ናቸው። የቆየ ዘዴ ልጥቀስ። ሴትኤችሲ የሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ሺፍት 5 ጊዜ ሲነካ የሚነሳ ነው። ሰርጎ ገቡ የትእዛዝ መስኮቱን፣ ማለትም ሲኤምዲን፣ ይገለብጥና በሴትኤችሲ ስም በቦታው ይተካዋል። ከዚያ ወዲያ በመግቢያው ገጽ ላይ ሺፍትን 5 ጊዜ ለነካ ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል ሙሉ ሥልጣን ያለው መስኮት ይከፈትለታል። የተተካው ፋይል ሃሽ ግን የማይክሮሶፍት የራሱ ነው። ማጣሪያው «የታወቀ» ብሎ ሲደብቀው ዋናው ማስረጃ አብሮ ይሰወራል።

መዝገቡም ቢሆን ለማንም ንጽሕና ዋስ አልሆነም። መልእክት በሥዕል ውስጥ የሚደብቁና ለሰርጎ መግባት የሚያገለግሉ መሣሪያዎችም ሰፍረውበታል።

ስለዚህ ሃሹ የተመሳሰለ ፋይል ከመደበቁ በፊት ስሙና ቦታው በንጹሕ ተከላ ላይ ካለው ጋር ይተያይ። ያልገጠመው ከሁሉ አስቀድሞ ይታይ። 0 ባይት የሆኑትን ለብቻ ማውጣት ነው፤ ባዶ ፋይል ሁሉ ሃሹ አንድ ነው።

ኤምዲ5 በተባለው የቀድሞ የሃሽ ስሌት ብቻ የተዘጋጁ የቆዩ ዝርዝሮችስ? እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች በዚህ ስሌት ሃሻቸው አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ ይዘቶችን አሳይተዋል፤ ሌላው የቆየ ስሌት ኤስኤችኤ-1ም እ.ኤ.አ. በ2017 ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። ሁለቱንም ፋይል ራሱ አጥቂው ሲያዘጋጅ ነው ይህ የሚሳካው፤ ቀድሞ ያለን ፋይል ሃሽ የሚመስል ሌላ መሥራት እጅግ ከባድ ነው። ቢሆንም አዲስ ሥራ በኤስኤችኤ-256 ይሁን።

ከመዝገቡ ያልተገኘ ፋይልም ወዲያው ወንጀለኛ አይባል። መሥሪያ ቤቱ ለራሱ ያሠራው የደመወዝ ሶፍትዌር ኒስት ዘንድ አይገኝም። እንዲህ ያለውን ከዋናው ቅጂ በንጹሕ ማሽን ላይ ጭኖ፣ ከኔትወርክ ሳያገናኙ፣ የራስን ዝርዝር ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ማሻሻያ በወጣ ቁጥርም ሃሹ እንደገና ይሰላ፤ የቀድሞው ስሪት ግን ከዝርዝሩ አይሰረዝ።