ማስተካከያ፦ ሀሌአካላ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት

በሃዋይ ስለ ማዊ ደሴት የአንድ ቀን ጉብኝት ባለፈው ስጽፍ፣ ሀሌአካላ እሳተ ገሞራ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት በር ላይ ከፍሎ መግባት ይበቃል ብዬ ነበር። ስህተት ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይፋዊ መመሪያ መሠረት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ወደ ጫፉ የሚገባ መኪና ሁሉ አስቀድሞ በኢንተርኔት ቦታ መያዝ አለበት። ለአንድ መኪና 1 ዶላር ነው። የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል።

ቦታ ያልያዘ ከበሩ ይመለሳል። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ዳገት በጨለማ ወጥቶ መመለስ በጣም ያሳዝናል። ጽሑፌን አምናችሁ ቀን የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አሁኑኑ ያዙ። ካጣችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ ግቡ፤ ያኔ ቦታ መያዝ አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ጫፉ ላይ ያለውን ግዙፍ ጎድጓዳ በፍንዳታ የተከፈተ ነው ብዬ ነበር። የሥነ ምድር ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ግን በዋናነት የቀረጸው የውሃ መሸርሸር ነው። ሁለት ሸለቆዎች እየተቦረቦሩ ሄደው ተገናኙ። ወለሉን የሞላው የቀለጠ ዐለት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጫፉ ላይ ይበርዳል ያልኩት ግን እንዳለ ነው። ከፍታው 3,055 ሜትር ነውና ወፍራም ጃኬት አትርሱ።