ስንት ገዛሃት?

ትናንት ጎረቤታችን እትዬ ቡና ሊጠጡ መጡ። ገና ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኳትን አንዲት ሴራሚክ አዩና «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አሉኝ። ከኢስታንቡል ያመጣኋት መሆኗን፣ አበባው በእጅ የተሳለ ቱሊፕ መሆኑን፣ ሰማያዊው ቀለም ከኮባልት እንደሚወጣ ልነግራቸው ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ «ስንት ገዛሃት?» ብለው ቀደሙኝ።

«40 ዶላር።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አንድ ፍሬ? በልተውሃል ልጄ! በዚህ ብር እኮ የመታጠቢያ ቤትህን ወለል ታለብሰው ነበር!»

ሂሳቡ ትክክል ነው፤ እኔንም ያናደደኝ እሱ ነው። የእኛ ሰው አዲስ ነገር ሲያይ «ያምራል» ከማለቱ በፊት ዋጋ ይጠይቃል። ዋጋውን ከሰማ በኋላ ደግሞ «ያምራል» ማለቱን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ጥያቄው ሰውን ውሸታም ያደርጋል። ለወንድሜ 15 ነው ያልኩት። ለባለቤቴ 25። ለእትዬ 40 ያልኩትም አሳንሼ ነው፤ እውነተኛውን ዋጋ የምናውቀው እኔና ቱርኩ ነጋዴ ብቻ ነን።

እሱን ያገኘሁት ካፓሊ ቻርሺ ውስጥ ነው። ጣሪያ ያለው ገበያ ማለት ነው፤ ከ60 በላይ መተላለፊያና ወደ 4,000 የሚጠጋ ሱቅ አለው። መርካቶን ክዳን ደፍታችሁባት አስቧት። እሁድ ሄጄ ተዘግቶ ጠበቀኝ፤ ሰኞ ሄጄ ተበላሁ። ሰውየው «ሐበሽ!» ብሎ እንደ ዘመድ ተቀበለኝና ወገቧ በቀጠነ ብርጭቆ ሻይ አስመጣ። ነገሩ ያኔ አለቀ። እኛ ሻይ ጠጥቶ ሳይገዙ መውጣት ነውር ነው ተብለን በይሉኝታ ያደግን ሰዎች፣ ከቱርክ ነጋዴ ፊት የምንቀርበው እጅ ሰጥተን ነው።

መጀመሪያ ከላይ አንዷን አወረደና «400 ዓመቷ ነው» አለኝ። ቱርክ ጥንታዊ ቅርስ ከሀገር እንዳይወጣ በሕግ ትከለክላለች። እንግዲህ እውነቱን ከሆነ አየር ማረፊያ ላይ ልታሰር ነው፤ ከዋሸ ልበላ ነው። ነጋዴ በዋሸኝ ብዬ የጸለይኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ መልሶ ሰቀላትና ኩታህያ በምትባል ከተማ በቅርቡ የተሠራችውን፣ የእኔዋን፣ አወጣልኝ። «አሠራሯ ግን የጥንቱ የኢዝኒክ ነው» አለ፤ በሴራሚክ የታወቀች ከተማ ናት።

ያን የጥንቱን ከፋብሪካ ሴራሚክ ጋር ማወዳደር ነውር ነው። አፈሩ ሸክላ ብቻ አይደለም፤ ኳርትዝ የሚባል የተፈጨ ድንጋይና መስታወት ይገባበታል። ዝነኛው ቀይ ቀለም በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ብቅ ያለ ነው፤ በጣት ሲዳስሱት ከፍ ብሎ ይሰማል። በ1560ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የኦቶማኑ አርክቴክት ሲናን የሠራውን የሩስተም ፓሻ መስጊድ ገብቶ ያየ ሰው፣ ስለ ካሬ ዋጋ ደግሞ የሚያወራ አይመስለኝም። እዚያ ቆሜ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ቱርኮች ምጽዋን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1557 ነው። በአንድ እጃቸው ቱሊፕ ሲስሉ፣ በሌላው ወደብ ሲወስዱ! ሱቁ ተመልሼ በምጽዋ ካሳ ስም 10 ዶላር እንዲቀንስልኝ ልጠይቅ ቃጣኝ። ሻዩ ያዘኝ።

ደግሞ ኢዝኒክ ማለት ማን መሰለቻችሁ? የእኛው ኒቅያ! እ.ኤ.አ. በ325 ሠለስቱ ምዕት አርዮስን ያወገዙባት። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ብድግ ብለው ሴራሚኳን ተሳለሟት። ተሳልመው ሲጨርሱ «አየህ፣ ይህን ስላወቀ ነዋ ዋጋውን የሰቀለብህ» አሉ።

ስለ መበላት ከተነሣ አንድ የቆየ ቂም አለኝ። በኢስታንቡሉ አያ ሶፊያ ግቢ የሱልጣን ዳግማዊ ሰሊም መቃብር አለ። ከደጃፉ አጠገብ ከነበሩት የሴራሚክ ሥራዎች አንዱን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንድ ፈረንሳዊ «ለጥገና» ብሎ ፓሪስ ወሰደው። የተመለሰው ቅጂው ነው፤ ዋናው ሉቭር ሙዚየም ቀርቷል። ቅጂው ፊት ቆሜ ጥርሴን ያፋጨሁት ለቱርክ አዝኜ አይደለም። የአባቴ ሬዲዮ ትዝ ብሎኝ ነው። የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ «ለጥገና፣ እስከ ሐሙስ» ብሎ ወስዶ በስንት ምልልስ ሲመልሰው፣ ቀፎው የእኛ ነበር፤ ሆድ ዕቃው የማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ከዚያ ወዲህ ጣቢያ ሲቀየር ያጓራ ነበር። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ዜና የሰሙት ከዚያ ከሚያጓራ ሬዲዮ ነው፤ ሰውየው ግን በየዓመት በዓሉ ቤታችን እየመጣ ጠላችንን ይጠጣ ነበር። ይሉኝታ! እዚህም ይሉኝታ!

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ፤ እኔን አይቶ የተተረተ ይመስለኛል። ሻንጣዎቼ ዘመድ ዘመድ በላከው ዕቃ ተጠቅጥቀው ስለነበር ሴራሚኳን እስከ አዲስ አበባ በጭኔ ይዣት መጣሁ። ምግብ ሲመጣ እንኳ አልለቀቅኳትም፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የአስከሬን አመድ የያዝኩ ሳይመስለው አልቀረም። ምን እንደሆነች ነግሬው ተገላገልኩ ስል «ስንት ገዛሃት?» አለኝ።

እትዬ በዚህ መሐል ሴራሚኳን ከግድግዳው አውርደው ጀርባዋን ያገላብጣሉ።

«የቻይና ናት አይደል?»

አይደለችም ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ቱርኮች ይህን ሴራሚክ «ቺኒ» ነው የሚሉት፤ የቻይና ማለት ነው። እትዬ በግራ እጃቸው የያዟት ሲኒም በአረብኛ ዞራ የመጣች ያችው ቃል ናት። እና የቱን ክጄ የቱን ልመን?

«በስም... አዎ» አልኩ።

«ብዬ አልነበር!» አሉና ወደ ባለቤቴ ዞሩ። እሷ «40» ከሚለው ቁጥር ጀምሮ ቀና ብላ አታውቅም። ቶናውን ቀድታ ለእኔም ሰጠችኝ። ስኳር አልነበረበትም።