«ስንተኛ ወጣህ?» ማለት ይብቃን

ወገኖቼ፣ ልጅ ያላችሁም የሌላችሁም፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው።

ልጁ ካርዱን ይዞ ቤት ሲገባ የምትቀበሉት በአንድ ጥያቄ ነው። «ስንተኛ ወጣህ?» አባት ይህን ይጠይቃል። አክስትም ይህንኑ ትጠይቃለች። ሰላም ሊል የደወለ ዘመድ እንኳ ከ«ደህና ነህ ወይ?» ቀጥሎ እሷኑ ያመጣታል። ማንበብ ቻለ? የሚፈራው ትምህርት አለ? አብሮት የሚጫወት ጓደኛ አገኘ? ይህን የሚጠይቅ የለም። እኔ የማስተምረው ትንንሾቹን ነው። ገና ፊደል የሚለዩትን፣ በጣታቸው የሚቆጥሩትን። በዚህ ዕድሜ ያለን ልጅ ቁጥር ለጥፎ ማሰለፍ ምን እንደሚያደርገው በየጊዜው አየዋለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እስቲ ደረጃ ምን እንደሚነግረን እናስብ። ክፍሉ ውስጥ አርባ ልጅ ካለ አንዱ አርባኛ መውጣቱ አይቀርም። አርባውም ጎበዞች ቢሆኑ አንዱ አርባኛ ነው። አርባውም ምንም ሳይማሩ ቢከርሙ ደግሞ አንዱ አንደኛ ነው፤ ለእሱም ይጨበጨብለታል። ዓመቱ ሲጀመር አንድ መስመር ማንበብ ያቃተው ልጅ፣ ዓመቱ ሲያልቅ እየተንተባተበም ቢሆን አንድ ገጽ ሊወጣ ይችላል። ግን ሌሎቹም አልተቀመጡም። ስለዚህ ደረጃው ያው ይሆናል። እናንተም ካርዱን ታዩና «ምንም ለውጥ የለህም» ትሉታላችሁ። እንደዚያ ዓመት ተለውጦ የማያውቅ ልጅ ይህን ሰምቶ ይተኛል።

ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣችው ጥናት አለ። የእስራኤል ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፈለቻቸው። የመጀመሪያዎቹ ለሠሩት ሥራ ውጤት ብቻ አገኙ። ሁለተኛዎቹ አስተያየት ብቻ ተጻፈላቸው። ሦስተኛዎቹ ሁለቱንም ተሰጣቸው። በቀጣዩ ሥራ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ልጆች ግን ከአስተያየቱ አልተጠቀሙም። ቁጥሩ ከጎኑ ሲቀመጥ አስተያየቱን የሚያየው ጠፋ። ልጆች ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ። እኔ ማታ ቁጭ ብዬ ለእያንዳንዱ ልጅ የምጽፈው አስተያየት ካርዱ ግርጌ ላይ አለ። ስንቶቻችሁ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ፊርማችሁ እኮ ከእሱ በታች ነው ያለው።

«እኛስ እናደንቃለን እንጂ መች እንሳደባለን?» የምትሉ አላችሁ። አድናቆታችሁም ቢሆን ይታይ። «አንተ እኮ ጭንቅላትህ ልዩ ነው!» ትሉታላችሁ። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ጭንቅላታቸው የተሞገሰላቸው ልጆች ቀጥሎ ምን መሥራት እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ ብልጥ ሆነው የሚታዩበትን ሥራ መረጡ። ጥረታቸው የተሞገሰላቸው አብዛኞቹ ደግሞ አዲስ ነገር የሚማሩበትን መረጡ፣ ቢከብድም። ከዚያ ለሁሉም ከባድ ጥያቄ ቀረበላቸውና ተሳሳቱ። ጭንቅላታቸው የተሞገሰላቸው ከዚያ በኋላ ቀላሉ ሲመለስላቸውም ከበፊቱ ያነሰ ውጤት አመጡ። ውጤታችሁን ለማታውቁት ልጅ ጻፉ ሲባሉም፣ ጭንቅላታቸው ከተሞገሰላቸው ከመቶው ወደ አርባ የሚጠጉት ጨምረው ጻፉ። ዋሹ ማለት ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ልጅን ሳደንቅ የሠራውን ነገር እጠራለሁ። «ይህን ቃል ሦስት ጊዜ ሞክረህ አነበብከው» እላለሁ። «ስህተትሽን ራስሽ አገኘሻት» እላለሁ። እናንተም መሞከር ትችላላችሁ። ወጪ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ እንምጣ። የቤት ሥራ።

ወገኖቼ፣ የቤት ሥራውን የምትሠሩት እናንተ እንደሆናችሁ እናውቃለን። የሰባት ዓመት ልጅ እንዲያ አይጽፍም። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ላፒስ ያልነካው፣ ከእርምት ሁሉ የጸዳ ደብተር ሲመጣልኝ እጄ ምንም አልገባም። እኔ የምፈልገው ስህተቱን ነው።

ለምን መሰላችሁ? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከ52 ላይ 38 ይቀነስ ብዬ እሰጣለሁ። ልጁ 26 ብሎ ይመጣል። እናንተ ይህን ስታዩ «ምን ዓይነት ዝርክርክ ነው!» ትላላችሁ። ላፒሱ ይመጣል፣ 14 ይጻፋል፣ ደብተሩ ይዘጋል። ቆይ እንጂ። 26 ከየት መጣ? ልጁ የአንድ ቤቱን አየ። 2 እና 8 አለ። ከ2 ላይ 8 አይቀነስም። ስለዚህ ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀነሰና 6 አገኘ። ወደ አሥር ቤት ሄደ። ከ5 ላይ 3 ሲቀነስ 2። አገኘ፤ 26። ይህ ልጅ አልተዝረከረከም። የራሱን ሕግ አውጥቶ ሕጉን አክብሮ ሠርቷል። ሕጉ ነው የተሳሳተው። ነገ ከ71 ላይ 45 ቀንስ ብለው 34 እንደሚለኝ ከወዲሁ አውቃለሁ።

ይህን ሳውቅ ምን ላስተምረው እንደሚገባኝ አወቅሁ ማለት ነው። ቀጫጭን እንጨቶች አመጣለሁ። አምስት እስር፤ በየእስሩ አሥር አሥር። ከዚያ ሁለት ነጠላ። «38 አውጣልኝ» እለዋለሁ። ሦስቱን እስር ቶሎ ያወጣል። ስምንት ነጠላ ሲፈልግ ያለው ሁለት ብቻ ነው። ይቆማል። እኔም እቆማለሁ። ይህችን ሰዓት በጣም እወዳታለሁ። አንዳንዱ ልጅ እኔን ያየኛል፤ እኔ ግን እንጨቱን አያለሁ። ሲቆይ እጁ ወደ እስሩ ይሄዳል። «ልፍታው?» ይላል። ፈትቶ ሲቆጥር አሥራ ሁለት ነጠላ ሆነለት። ስምንቱን አነሳ። አንድ እስርና አራት ነጠላ ቀረ። ከአሥር ቤት መበደር የሚባለውን ነገር በእጁ ነካው። እናንተ 14ን ጽፋችሁለት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። እኔም «ገብቶታል» ብዬ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አልፍ ነበር።

ሒሳብ ካነሳን አይቀር አንድ ልጨምር። «እኔም በልጅነቴ ሒሳብ ጠላቴ ነበር» ማለት የለመዳችሁ፣ እባካችሁ ልጁ ፊት አትበሉት። ኤሪን ማሎኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት ስለ እናንተ ነው። የአሜሪካ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ዓመቱን ሙሉ ተከታተሉ። ሒሳብ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች በቤት ሥራ አዘውትረው ሲያግዙ፣ ልጆቹ በዓመቱ ውስጥ የተማሩት ሒሳብ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዓመቱ ሲያልቅም እነሱ ራሳቸው ሒሳብ ይበልጥ የሚፈሩ ሆነዋል። እዚያው ጥናት ላይ፣ ያው ጭንቀት ያለባቸው ግን እምብዛም የማያግዙ ወላጆች ልጆች እንዲህ አልሆኑም። እገዛ ሁሉ እገዛ አይደለም ለካ። አጠገቡ ተቀምጣችሁ የምትቃትቱ፣ «ይህ እንዴት ይጠፋሃል?» የምትሉ ከሆነ ተነሱና ሌላ ሥራ ሥሩ። ያልቻለውን ባዶ ትቶ ይምጣ። ከጎኑ «እዚህ ጋ ቆመ» ብላችሁ ብትጽፉልኝ ደግሞ እንዴት በረዳችሁኝ!

«ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?» ካላችሁ፣ ጠይቁት። «እስቲ ለኔ አስረዳኝ» በሉት። አስተማሪው እሱ ይሁን፣ ተማሪው እናንተ። ይህ በተለይ ትምህርት ቤት ላልገባችሁ ነው የምለው። ብዙዎቻችሁ «እኛ ምን አውቀን» ብላችሁ ገሸሽ ስትሉ አያለሁ። ማንበብ ባትችሉም ልጁ ሲያነብ መስማት ትችላላችሁ። «ከዚያስ ምን ሆነ?» ማለት ትችላላችሁ። ተረት ማውራት ትችላላችሁ። አንድ ልጅ ያነበበው እንዲገባው ቃላቱን ቀድሞ በጆሮው ሰምቷቸው ቢሆን ይረዳዋል። ያን ጆሮ የምትሞሉት በዋናነት እናንተ ናችሁ። እኔ ለክፍል ሙሉ ልጅ ነው የማወራው፤ እናንተ ለአንድ ለሁለት።

ስትጠይቁት ግን ጠብቁት። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ቀድታ አዳመጠች። አስተማሪ ከጠየቀ በኋላ የሚጠብቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሰከንድ! ጥበቃው ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን መልሶቹ ረዘሙ፣ «አላውቅም» ቀነሰ፣ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ በአፍ ሲነገር አጭር ነው። ዝም ተብሎ ሲጠበቅ ግን ረጅም ነው፤ ሞክሩት።

መምህራን ጓደኞቼ፣ አትሳቁ። የእናንተም ተራ ነው። «ወላጅ አምጣ!» የምትለዋን ነገር ማን አመጣት? ወላጅን የምንጠራው ልጁ ሲደባደብ፣ መስኮት ሲሰብር፣ ውጤቱ ሲወርድ ብቻ ከሆነ፣ ቢሮው ችሎት ሆነ ማለት ነው። እኛ ከሳሽ፣ ወላጁ ዳኛ፣ ልጁ ተከሳሽ። ጠበቃ የለም። ከዚያ «ወላጆች ትምህርት ቤት አይመጡም» ብለን እናማርራለን። ማን ሊሰደብ ይመጣል?

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ዓመቱ በተጀመረ ሰሞን፣ ገና አንድም ጥፋት ሳይመጣ፣ እያንዳንዱን ወላጅ በስልክም በአካልም አገኛለሁ። ስለ ልጁ ያየሁትን አንድ መልካም ነገር እነግራለሁ። «ጥሩ ልጅ ነው» አልልም፤ ይህ ወሬ አይደለም። «ትናንት ሁለት ልጆች በኳስ ሲጣሉ ተራ አስይዞ አስታረቃቸው» እላለሁ። ከዚያ እጠይቃለሁ። ምን ይወዳል? ምን ያስፈራዋል? ሲከፋው ምን ያደርጋል? ወላጁ ልጁን ያወቀው እኔ ሳላውቀው ነው፤ ያንን ዕውቀት ካልጠየቅሁ በጭፍን ነው የማስተምረው። በኋላ ችግር ሲመጣ የማንተዋወቅ ሰዎች አይደለንም። ችግሩን ስናወራም ልጁን አስቀምጠን ነው፤ ከጀርባው አይደለም። ይህ ጊዜ ይበላል። ክፍሉ ትልቅ ለሆነባቸው መምህራን ደግሞ በጣም ይበላል፤ አልክድም። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ወላጅ ከመጥራት ያነሰ ነው።

ወደ እናንተ ልመለስ። «ቲቸር፣ እንደ ፈለጉ ይቅጡልኝ፤ ብቻ ሰው ያድርጉልኝ» የምትሉኝ አላችሁ። አመናችሁኝ፣ አመሰግናለሁ። አልመታም ግን። የሚገረፍ ልጅ የሚያየው እጄን ነው እንጂ ሰሌዳውን አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 ላይ፣ የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዝዛል። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ይባል የለ? እኔ ሰው የማደርገው ነገር የለም፤ ሰው ሆኖ ነው የመጣልኝ።

በቴሌግራም ግሩፕ አስተማሪ ስለምታሙትስ? እሱን ቶሎ ልለፈው። ቅሬታ ካላችሁ ለኔ ንገሩኝ። ልጁ እየሰማ ግን አይሁን። ማታ «ይህቺ ምን ታውቃለች!» የተባለላትን አስተማሪ ጠዋት ሄዶ እንዲሰማት ትጠብቃላችሁ።

የመጨረሻው ለአባቶች ነው። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ከሞላ ጎደል ክፍሉን የሚሞሉት እናቶች ናቸው። ሥራ አለ፣ ገብቶኛል። እነሱም ሥራ አላቸው። ሰዓቱ ካልተመቻችሁ የሚመቻችሁን ንገሩኝ። ጠዋት በር ላይ ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል። ስልክም ይሆናል። አያትም ይምጡ፣ ታላቅ እህትም ትምጣ፤ የሚያሳድገው ሰው ይሁን እንጂ እኔ አልመርጥም። ብቻ ማን እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ ለልጁ ከዋዜማው ንገሩት። በር ላይ ድንገት ሲያያችሁ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ እንዳይደነግጥ።