«በርታ» ብቻ አይበቃም

«በርታ ዶክተር» የሚሉኝ ሰዎች ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን እውነት ለመናገር ሰልችቶኛል። የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ሲ-ቱ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ መማር ከጀመርን ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ አሁን ሕፃናት ክፍል። ያደከመኝ ንባቡ አይደለም። የመድኃኒቱ ትምህርት ፋርማኮሎጂም ቢሆን ቢከብድም ተቀምጦ ይነበባል። ተረኛ ሆነህ ዱቲ አድረህ፣ ሌሊት ሂስትሪ (የታካሚውን የሕመም ታሪክ) ወስደህ የጻፍከውን ሲኒየሩ ሐኪም ገልጦ እንኳ ሳያይ፣ ጠዋት ታካሚዎች በሚጎበኙበት ራውንድ ላይ ልጇን የታቀፈች እናት ፊት «አንተን ማነው ሕክምና ያስገባህ?» ሲልህ ግን ያማል። ከሰዓት በኋላ ያቺው እናት ጋ ተመልሼ ልጇን ልመረምር ነው እኮ! በምን አንጀቷ ትመነኝ?

ሌላው የትምህርት ዘርፍ የገቡ እኩዮቼ ተመርቀው ለቤተሰብ ይልካሉ። እኔ ገና አባቴን የካርድ እጠይቃለሁ። በግንቦት 2017 ጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ ዶርም ውስጥ እንቅልፍ የወሰደው ሰው አልነበረም፤ እኛንም የሚጠብቀን ያው ደመወዝ ነዋ።

ሕክምናን ግን እወዳለሁ። በሳንባ ምች ሲያቃስት የገባ ልጅ ኦክስጅኑ ተነቅሎለት ዳቦ ሲገምጥ ማየት ድካሙን ሁሉ ያስረሳኛል። ታዲያ ይህን ደስታ በስድብ ለምን ይነጥቁናል? ስህተት ካለ ከታካሚው ራቅ አድርጎ ማረም ምን ይከብዳል?