መስኩ ወጥ ባይሆንም ይለካል
«የማግኔት መስኩ ፍጹም ወጥ ካልሆነ የኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ልኬት ዋጋ የለውም» የሚለው አንድ ጽሑፍ ያሰፈረው አባባል፣ ልኬቱም በማግኔት መስክ ውስጥ ያሉ የአቶም እምብርቶች ለሬዲዮ ሞገድ የሚሰጡትን ምልክት ማንበብ ነው፣ የሞለኪውልን ኬሚካዊ አወቃቀር ለማንበብ እውነት ቢሆንም፣ ለሌላው ልኬት ሁሉ ግን አይሠራም። መስኩ ከቦታ ቦታ ሲለያይ በናሙናው ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች (የሃይድሮጅን እምብርቶች) በተለያየ ፍጥነት ስለሚዞሩ ምልክቱ በቶሎ ይጠፋል፤ ሆኖም የፊዚክስ ሊቁ ኤርዊን ሃን እ.ኤ.አ. በ1950 እንዳሳየው፣ የተበተነው ምልክት በሌላ ፐልስ (አጭር የሬዲዮ ሞገድ ምት) ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ኤኮ የሚባለውም ይኸው ነው። ደብረ ማርቆስ ለማስተምራቸው ልጆች፣ ከገበያ እኩል ተነሥተው በየእርምጃቸው የተበታተኑ ሰዎች በአንድ ቅጽበት ፊታቸውን ቢያዞሩ፣ ፍጥነታቸውን እስካልለወጡ ድረስ ገበያው ላይ እኩል ይደርሳሉ እላቸዋለሁ። በዚያው ጽሑፍ ሥር «ታዲያ አንድ ኤኮ ለምን አይበቃም?» ብለው ለጠየቁት አስተያየት ሰጪ መልሱ እዚሁ ምሳሌ ውስጥ አለ፦ የፈሳሽ ሞለኪውሎች ባሉበት ስለማይረጉ በመንገድ ላይ የፕሮቶኖቻቸው የመዞር ፍጥነት ይለወጣል፣ ኤኮው በዘገየ ቁጥርም ጉዳቱ በጊዜው ኩብ ልክ ያድጋል። ካር እና ፐርሴል በ1954 ባለ 180 ዲግሪ (ፕሮቶኖቹን የሚገለብጡ) ፐልሶችን በአጭር በአጭር ጊዜ ልዩነት የደረደሩት ይህንኑ ለመቀነስ ሲሆን፣ ሜይቡም እና ጊል በ1958 የፐልሱ ስሕተት እንዳይጠራቀም አደረጉ (ለእኔ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው)። እኔም በአንዲት ትንሽ ቋሚ ማግኔት ውስጥ የጎጃም ኑግ በብርጭቆ ቱቦ አድርጌ ስለካ፣ የመጀመሪያው ምልክት ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ጠፋ፤ በኤኮዎቹ ሰልፍ ላይ ግን የፍሬው እርጥበት ቶሎ ሲከስም የዘይቱ ምልክት ብቻውን ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ በግልጽ ይታይ ነበር።