መቅደላን በግማሽ አትንገሩ

የወሎ ልጆች ሆይ፣ ቅር ቢላችሁም ስሙኝ። መቅደላ በተነሣ ቁጥር ስለ አንድ ንጉሥና ስለ አንድ ሽጉጥ እናወራለን፤ ለንደን ስለቀረው ዘውድና ታቦትም እንጮኻለን፤ መጮኻችንም ተገቢ ነው። የምሽጉን ታሪክ ግን፣ በተለይ እኛን የሚመለከተውን ክፍል፣ እየዘለልን ልጆቻችንን በግማሽ እናስተምራለን።

አምባው አፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ከመያዛቸው በፊት የወሎ ሰዎች ይዞታ ነበር። እርሳቸው ግምጃ ቤትና እስር ቤት አደረጉት። ዙሪያው ገደል በመሆኑ ዋና መግቢያዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ከአምባው ጋር በተያያዘው ሜዳ በሰላምጌ በኩል ኮኬት በር፣ በሌላው ወገን ካፊር በር። ኮኬት በርን ከቀጭኑ አቀበት ጫፍ ላይ የድንጋይ ቅጥርና የእሾህ አጥር ጠብቀውት ነበር፤ ከበላዩም ሌላ በር አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት፣ የእንግሊዝ መሐንዲሶች እዚህ በር ሲደርሱ የማፈንጃ ባሩዳቸውን ረስተው መጥተው ነበር (የዚያን ያህል የተደራጀ ጦር!)። በሩም ከውስጥ በድንጋይ ክምር ተደግፎ ስለነበር አልከፈት አለ፤ ወታደሮቹ በእሾህ አጥሩ በኩል ቅጥሩን ዘለው ገቡ። ንጉሡ ሁለተኛው በር አጠገብ ራሳቸውን ገደሉ። ሚያዝያ 10 ቀን አምባው ተቃጠለ።

ታዲያ ያ ሁሉ ገደል ለምን አላዳናቸውም? መድፍና ጠመንጃው እንዳለ ሆኖ፣ አገሩ ከድቷቸው ስለነበር ነው። የወሎዋ ገዥ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ እዚያው አምባ ላይ ታስሮ ነበር፤ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከዚያው እስር አምልጠው ወደ እናቱ ዘንድ በደረሱ ጊዜ እርሱ ተገደለ። አሮጌ በተባለው ቦታ በተደረገው ውጊያ ዋዜማም በርካታ እስረኞች ከሰላምጌ ገደል ተወረወሩ። ሌላዋ የወሎ ገዥ ወይዘሮ መስተዋት ደግሞ በእንግሊዙ ጦር አዛዥ በናፒየር ጥያቄ ሰዎቻቸውን በካፊር በር በኩል ማምለጫውን እንዲዘጉ አሰለፉ። ይህን የሚደብቅ ወሎዬ ንጉሡን ያከበረ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል፤ የሚደብቀው የገዛ አያቶቹን ሐዘን ነው። ሌላው ደግሞ ይህን ይዞ ቴዎድሮስን መስደቢያ ሲያደርገው እሰማለሁ፤ ከተሠራበት ከጋፋት ጀምሮ ትልቁን መድፍ ሴባስቶፖልን በተራራ ላይ መንገድ እየቆረጠ ያስጎተተ ሰው በስድብ አይለካም።

ስለዚህ ተማሪዎችን ይዛችሁ ከተንታ ወደ መቅደላ የምትወጡ መምህራን፣ ሴባስቶፖል ላይ ፎቶ አንሥታችሁ አትመለሱ። ሁለቱንም በሮች አሳዩአቸው፤ በአንደኛው ማን እንደገባ፣ በሌላኛው ማን እንደቆመና ለምን እንደቆመ ንገሯቸው። ከቅጥሩም አንዲት ድንጋይ እንኳ ለአጥሩ የሚያነሣ ሰው ብታዩ ዝም አትበሉት።