ዳሎልን በማኪያቶ

እኛ የስታዲየም አካባቢ ሰዎች በረሃ ለማየት ከወንበራችን መነሳት አያስፈልገንም። ፀጋ ነው። ለሁሉም አልተሰጠም።

ጠረጴዛችን ላይ የምንሰየመው ስድስት ነን። የአፋር ጉዞ ፕላናችን ከወጣ ሦስት ዓመት ሆነው። የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ሊቀመንበር አለን፤ ገንዘብ ያዥም አለን፤ ገንዘቡ ብቻ ነው የሌለው። ከኅዳር እስከ ጥር ነው ደህናው፣ ከዚያ በኋላ ያቃጥላል ተባለ። ኅዳር ሲመጣ ጾም ገባ። ታኅሣሥ የገና ወጪ። ጥር ያው ሠርግ ነው፣ ማን ቀርቶ ማን ይሄዳል?

ሊቀመንበራችን ከአዳማ ወዲያ ተሻግሮ አያውቅም። ግን ስለ ዳሎል ሲያስረዳ በማኪያቶው አረፋ ላይ በማንኪያ ካርታ እየሳለ ነው። «ይሄ ቢጫው ድኝ ነው። እዚህ ስትደርስ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርደሃል። ውሃውን እንዳትነካው፣ አሲድ ነው!» ሲል አስተናጋጇ ሳትቀር እጇን ትሰበስባለች።

አፍዴራስ? መልስ አይጠፋውም። ጨው ሐይቁ ውስጥ ትዋኛለህ፣ ጨዉ ገላህ ላይ ደርቆ ሲያሳክክህ ዳር ላይ ያለው ፍልውሃ ውስጥ ገብተህ ትለቃለቃለህ። ወደ ሰመራ ስትጠጋ ደግሞ አላሎባድ የሚባል ፍልውሃ አለልህ፤ እሱ ሲፈላ ራቅ ብለህ የምታየው እንጂ የምትገባበት አይደለም። ሁሉም ትክክል ነው። ሊቀመንበራችን ተሳስቶ አያውቅም፤ የሚሳሳተው የሄደ ሰው ነው።

የሄደ ሰውማ ምን ያውቃል! አንድ የሰፈራችን ልጅ አዋሽ ፓርክ ውስጥ ያለውን ፍልውሃ አይቶ መጣ። ከዚህ 200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ዘምባባ የከበበው፣ ሥሩ ድረስ የሚታይ ሰማያዊ ውሃ። አስቀምጠን ጠየቅነው። ትንሽ ዝም አለና «ደስ ይላል» አለ። በቃ! እኛ ሳንሄድ አርባ ደቂቃ የምናወራበትን ነገር። ሳላስ፣ ያንን ባለረጅም ቀንድ የዱር እንስሳ፣ አይተሃል ሲባል «ሦስት፣ ከሩቅ» አለ። ሊቀመንበራችን አዘነለት። እሱ በዩቲዩብ ያየው መንጋውን ነው።

ለተፈጥሮ የዋልነውን ውለታም የሚያነሳልን የለም። ከሚሄዱት ውስጥ ስፒከርና ጥሬ ሥጋ ጭኖ ወርዶ፣ ቲክቶኩን ሠርቶ፣ ሃይላንዱን ዘምባባ ሥር ጥሎ የሚመለስ አለ። እኛ በሦስት ዓመት እዚያ አንድ ሃይላንድ አልጣልንም። የምንጥለው እዚሁ ነው።

በረሃውም ውለታ ያውቃል፤ ቢጠብቀን ስንቀርበት ራሱ መጣ። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፓርክ ያለው ፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ አልጋችን እዚህ አዲስ አበባ ተወዛወዘ። ከርሞ የደረቀው ግሩፕ በአንድ ሌሊት ሞላ። «ተሰማችሁ?» «እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ ለኔ ይብሳል!» እዚያ ያለው ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ እኛ ስለ ማግማ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስተማርን። ብርድ ልብስ እንላክ ያለ ሰው አላስታውስም። እኔም አላልኩም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ምን አስቸኮላቸው? ፕላን ሳይወጣ፣ ግሩፕ ሳይከፈት፣ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደው ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ይኸው ከተማ ሆነ። ያ ፍልውሃ ከጠረጴዛችን በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ባለፈው እሁድ «እስቲ ከመሃላችን እዚያ የታጠበ?» ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ሰው እጁን አወጣ። እሱም ሰፈሩ ውሃ ጠፍቶበት ነው።

«ፍልውሃማ ቅርብ ነው፣ የትም አይሄድም» አለ ሊቀመንበሩ። ዳሎል ደግሞ ሩቅ ነው። ስለዚህ ለጥምቀት ማግስት ተቃጠርን፤ የትኛው ጥምቀት እንደሆነ አልተነሳም። ሂሳብ መጣ። ገንዘብ ያዣችን ስልክ ሊያነሳ ወደ ውጭ ወጣ።